ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ

ጥቅምት 4 ቀን

ውድ ወንድም ዓለም፣

ጤናህ እንደምን ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ የሰው አገር ኑሮው እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ እናትህም እኔም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ «ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የመብራት ቤት ማስጠንቀቂያ ይመስላል» ስለምትለኝ አንዴ ልድገመው፦ እንደምን አለህ?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንደምታውቀው አክስቴ፣ ያው እናትህ፣ የቤቷን የፊት ክፍል ለቅቃልኝ ሬዲዮና ማጉያ እጠግናለሁ። እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ ትሰፋለች። የእኔ ሬዲዮ ሲንጫጫ የእሷ መኪና ይንኳኳል፣ እንዲህ እየተባባልን እንውላለን።

አንዲት ድምፅ የምታወጣ ዕቃ መሥራት ፈልጌአለሁ። ቁልፏን ሳዞር ድምፁ ከወፍራም ተነስቶ እየቀጠነ እየቀጠነ ጆሮ እስከሚበሳ ድረስ መሄድ አለበት። ከተጣሉ ማሽኖች የነቀልኳቸው ታይመር አይሲ የሚባሉ ባለ ስምንት እግር ጥቃቅን ጥቁር ዕቃዎች አሉኝ፤ በእነሱ ይሠራል ይባላል። እኔ የተበላሸ መጠገን እንጂ ያልነበረ ነገር ማቀድ አላውቅበትም። አንተ መለኪያ መሣሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ስትፈትን የምትውል ሰው ነህና ንድፉን ሣልልኝ። በስልክ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው ወረቀት ያስፈለገኝ።

ለምን እንደሆነ ከጠየቅከኝ፣ ለበር ደወል ነው።

እህትህ ሽቦ
(ቤተሰቡ ያወጣልኝን ስም እኔም ለምጄዋለሁ)


ጥቅምት 23 ቀን

ለእህት ዓለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለእማዬም አድርሺልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መሣሪያዎቹ እንዳይሳሳቱ ፋብሪካው ውስጥ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ክረምት መግባቱን የማውቀው በሰው ኮት ነው።

ሥዕሉ ከጀርባ አለ። ሐሳቡን ግን በቃል ላስረዳሽ። ካፓሲተሩን እንደ ባልዲ ቁጠሪው። ኤሌክትሪኩ ፍሰቱን በሚከለክሉ ሁለት ሬዚስተሮች አልፎ ይሞላዋል። ባልዲው ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ አይሲው በሰባተኛው እግሩ በኩል ማፍሰስ ይጀምራል፤ አንድ ሦስተኛው ሲቀር ማፍሰሱን ትቶ እንደገና ያስሞላል። ይህ መሙላትና መፍሰስ በሰከንድ አምስት መቶ ጊዜ ከተመላለሰ ስፒከሩ ወፈር ያለ ድምፅ ያወጣል። አምስት ሺህ ጊዜ ከተመላለሰ ያፏጫል። ስለዚህ የምትፈልጊው የባልዲውን ቧንቧ የሚያጠብና የሚያሰፋ ቁልፍ ነው። የሬዲዮ ቮልዩም ይበቃሻል። የሚገባው በሁለተኛው ሬዚስተር ቦታ ነው፤ ሲሞላም ሲፈስም መንገዱ በዚያ ስለሆነ። ቦታውን ልብ በይ።

ሌላ ጉዳይ። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። እማዬ ማንሳት ከተወች ወራት ሆኗታል። የነገርኳት ነገር ካስከፋት ይነገረኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ግን ከእሷ የምጠብቀው አልነበረም።

ወንድምሽ


ኅዳር 19 ቀን

ለወንድም ዓለም፣

ሰላምታዬ በያለህበት ይከተልህ። እናትህም ትስምሃለች።

አንዱን አይሲ አቃጠልኩት። አንተ «ቦታውን ልብ በይ» ብለህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሽቦው አጭር ስለሆነልኝ ቁልፉን በመጀመሪያው ሬዚስተር ቦታ አስገባሁት። መጀመሪያ ላይ እንደ ወፍ ዘመረልኝ። ደስ ብሎኝ እስከ ዳር ሳዞረው ጭስ ብቅ አለ፤ አይሲው ሆዱ ተነፍቶ ቀረ። በዚያው ሬዲዮውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ «ምንድነው የሚሸተው?» አለኝ። «ዕውቀት ነው፤ ስትቃጠል እንዲህ ትሸታለች» አልኩት። እናትህ ከመጋረጃው ወዲያ «ጨርቅ ነው የተቃጠለው?» ብላ ወጣች። አፍንጫዋን የሚያታልል የለም።

ለምን እንደተቃጠለ አስረዳኝ። ደግሞ አሁን ከሚያወጣው ይበልጥ ወፍራም ድምፅ ያስፈልገኛል።

ስለ ስልኩ የጻፍከውን አይቻለሁ። እናትህ በማንም አልተከፋችም። እሁድ ሱቄ ዝግ ስለሆነ በዚያ ቀን የሚሆነውን አላይም። «የነገርኳት ነገር» ያልከው ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ የእናትና የልጅ ጉዳይ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሽቦ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለእህት ዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ።

የተቃጠለው እንዲህ ነው። ቁልፉ ዳር ሲደርስ መከልከያው ባዶ ሆነ። በዚያው ቅጽበት ሰባተኛው እግር ሊያፈስ ሲከፈት የባትሪውን ኃይል ሁሉ በቀጥታ ወደ መሬት ለቀቀው። በመጀመሪያው ቦታ አንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር እንደ ዘበኛ ይቁም፣ አይነካ። ቁልፉንም ብቻውን አትተዪው፤ አራት ነጥብ ሰባት ኪሎ አስቀድሚለት፣ ቁልፉ ራሱ መቶ ኪሎ ይሁን። ለወፍራሙ ድምፅ ትልቅ ባልዲ ያስፈልጋል፦ ለቀጭኑ የአሥር ናኖ ካፓሲተር፣ ለወፍራሙ የመቶ ናኖ አድርገሽ በማብሪያ ማጥፊያ ቀያይሪያቸው። ያኔ ወፍራሙ ሰባ አካባቢ ይወርዳል፣ ቀጭኑ አሥራ ሦስት ሺህ ድረስ ይወጣል።

ለበር ደወል አንድ ድምፅ ይበቃ ነበር። ይህ ሁሉ ስፋት ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ እናንተም የምጠይቀውን አትመልሱም።

አልገባኝም ያልሽው ደግሞ ገብቶኛል። ከእማዬ ጎን ቆመሻል። አልፈርድብሽም፤ አብሯት የምትውይው አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ


ጥር 30 ቀን

ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ለመመለስ ዘገየሁ። ያለፈው ደብዳቤህ ደስ አላለኝም፤ በቁጣ እንዳልመልስ ትንሽ አሳደርኩት።

ዕቃዋ ሠራች። በፕላስቲክ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አስገብቻታለሁ። ፍሪኩዌንሲውን፣ የምልልሱን ብዛት፣ የምለካበት ስለሌለኝ አንዲት የሙዚቃ አስተማሪ ለጥገና ያስቀመጠችውን ኪቦርድ ተበደርኩ፤ አንዱን ቁልፍ እጫንና የእኔን ድምፅ ከእሱ ጋር እስኪዋሃድ አዞራለሁ፣ ከዚያ ክዳኑ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አስተማሪዋ መጥታ ስታየኝ «የጠፋብሽ ዜማ አለ?» አለችኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቁልፉን ሳዞር ከቅጥነቱ ጋር ጉልበቱም ይለዋወጣል፤ አንዱ ጋ ይጮኻል፣ አንዱ ጋ ይለሰልሳል። ድምፁ ሲቀጥን ጉልበቱ እኩል እንዲሆን ማድረግ ይቻላል? ደግሞ ሳበራት «ጠቅ» የምትለውን ማጥፋት እፈልጋለሁ፣ በጠቅታው እንዳትነቃብኝ።

እናትህ ደህና ናት። ትሰፋለች።

ሽቦ


የካቲት 15 ቀን

ሽቦ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልሻለሁ።

እኔ እንጀራዬ መፈተን ነው። ደወል የሚሠራ ሰው ጉልበቱ እኩል ይሁን አይልም፤ መጮኹን ብቻ ነው የሚፈልገው። እኩል ጉልበት የሚፈልግ፣ ጠቅታ የሚደብቅ፣ ከሰባ እስከ አሥራ ሦስት ሺህ የሚያዞር ሰው የሚፈትነው ጆሮ ነው። «እንዳትነቃብኝ» ያልሻት ማን ናት?

እማዬ ናት?

የሆነውን እኔም ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ላገባ ነው» አልኳት። ስለ ልጅቷ ነገርኳት፤ ከእኔ ጋር አንድ ፋብሪካ እንደምትሠራ፣ ሰው አክባሪ እንደሆነች፣ «አንቺ ሳትመርቂን ቀን አንቆርጥም» አልኳት። እማዬ ደግሞ «እሺ፤ እኛም ጋ ዝናቡ ቆሟል» አለችኝ። ከዚያ ደህና ሁን ብላ ዘጋችው። እኔ ስድብ ነው ብዬ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ አንስታ አታውቅም። እናንተም ስለ ሰርጉ አንድ ቃል አልጻፋችሁልኝም። ልጅቷ አሁንም ቀኑን ትጠብቃለች፣ እኔም ምን እንደምላት አላውቅም።

እውነቱን ጻፊልኝ፤ ዳር ዳር አትበዪ።

ወንድምሽ


መጋቢት 1 ቀን

ወንድም ዓለም፣

የምን ሰርግ?

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሰርግ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ተነስቶ አያውቅም። እናትህ አልደበቀችም፤ አልሰማችህም። አንድም ቃል።

እውነቱ ይኸውልህ። ጆሮዋ ከደከመ ከዓመት በላይ ሆኗታል። መጀመሪያ ያወቅኩት በደንበኞቿ ነው። አንድ ሰውዬ «ኪስ አታድርጊበት» ብሏት ሁለት ኪስ የተሰፋበት ሸሚዝ ወሰደ። አንዲቱ «አሳጥሪው» ያለችውን ቀሚስ እናትህ አሳምራ ዘምዝማ ሰጠቻት። ደንበኞቿ ጥርሳቸውን ነክሰው ሄዱ፣ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ድምፁ ወፍራም የሆነ ወንድ ሲያናግራት ትመልሳለች፤ ሴትና ሕፃን ሲያናግራት ፈገግ ትላለች። እኔ ስጠራት መኪናዋ እየጮኸ ነው ብዬ ነበር። መኪናው ቆሞ ስጠራትም ዞር ሳትል ቀረች።

ጆሮዬን እየጠቆምኩ ስነግራት ተቆጣች። «ለልጄ ብትጽፊ ዓይንሽን አላይም። ደንቆሮ እናት አለችው ሊባል ነው? ሥራውን ጥሎ ይምጣ?» አለችኝ። አስማለችኝ። እኔም ማልኩ። ከዚያ ወዲህ ለአንተ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ያልሆነ ግን እውነትም ያልሆነ ነገር ነው። ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ ስለያዘችኝ፣ የትኛው ድምፅ እንደቀረላት እንኳን ልወቅ ብዬ ነው ንድፉን የለመንኩህ።

ትናንት ፈተንኳት። ዕቃዋን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ድምፅ ስትሰሚ ጣትሽን አንሺ» ብዬ በምልክት አሳየኋት። በየቦታው አነሳች! አንድም አላመለጣትም። ገርሞኝ ቀና ስል ዓይኗ ቁልፉ ላይ ያለው እጄ ላይ ነው። እጄ ሲንቀሳቀስ ጣቷ ይነሳል። «አክስቴ፣ እያጭበረበርሽኝ ነው» ብዬ ጣቴን ሳወዛውዝባት «አንቺስ በሳሙና ዕቃ ልታጭበረብሪኝ አይደል?» አለችኝ።

ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ በቀዳዳ እያየኋት ደገምኩት። ወፍራሙን ሰማች። ስድስት መቶ አካባቢ ላይ «ኧረ ሰማሁ፣ በቃ!» ብላ ጮኸች። አንድ ሺህ ላይ ዘግይታ አነሳች። ከሁለት ሺህ በኋላ ጣቷ አልተነሳም። ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ አደረስኩት፤ እኔን ጥርሴን አሳከከኝ፣ ደጅ ያለው የጎረቤት ውሻ ተነስቶ ሄደ። እናትህ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አቅንታ ክር ታስገባለች። «ጨረስሽ?» አለችኝ። መጋረጃውን ገልጬ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት።

የቤታችሁ ስልክ ጥሪ ቀጭን ጭር ጭርታ ነው። የማታነሳው ለዚህ ነው። ያን ቀን እንዳደረገችው አጠገቡ ሆና ብታነሳው እንኳ የሚወራው ቃል አይለይላትም።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤህ ሲመጣ መሐላዬን ለማፍረስ ወሰንኩ። ሰርጉን ጮኼ ነገርኳት፤ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ሊቆረጥ የተዘረጋ ጥቁር ጨርቅ ነበር። በስፌት ጠመኔ ትልቅ አድርጌ ጻፍኩላት፦ ልጅሽ ሊያገባ ነው። ባለፈው ዓመት ነግሮሻል። አልሰማሽም።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ምን አልኩት?» አለችኝ። ዝናቡ ቆሟል አልሽው ብዬ ጻፍኩ። በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቁ መቼ ወደ ልቅሶ እንደዞረ አላየሁም። ከዚያ በመዳፏ ጽሑፉን ጠረገችና «ሐኪም ቤቱ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለችኝ።

መሐላዬን ስላፈረስኩ አልተቆጣችም። አንተም አትቆጣኝ።

ሽቦ


መጋቢት 17 ቀን

ለውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ በአንቺ ላይ ያሰብኩትን ሁሉ መልሼ ወስጃለሁ። ለማመስገን ቃል አላገኘሁም፤ የሚቀናኝን ልጻፍልሽ።

አንደኛ፣ የሐኪሙ ምርመራ አይቅር። የእኛዋ ዕቃ የምታወጣው ድምፅ ጥርት ያለ አይደለም፤ ወፍራሙ ውስጥ ቀጭን ቀጫጭኖች ተደባልቀው አሉ። ፍንጭ ትሰጣለች እንጂ ፍርድ አትሰጥም።

ሁለተኛ፣ የስልኩ ደወል። ሰምታ የጮኸችበትን ስድስት መቶ ያዢው። በቁልፉ ፋንታ እዚያ ቦታ ያለውን ልክ የሚሰጥ የማይዞር ሬዚስተር አስገቢ፤ ማንም ነክቶ እንዳያበላሸው። አራተኛው እግር ወደ መሬት ሲጎተት አይሲው ዝም ይላል፣ ወደ ባትሪው ሲጎተት ይጮኻል። ጥሪ ሲመጣ አራተኛው እግር እንዲነሳ አድርጊ። ስልኩን ግን በቀጥታ ከአይሲው ጋር እንዳታገናኚ፤ ሲደወል በመስመሩ የሚመጣው ኃይል ይጠብሰዋል። በመሃል ሁለቱን ሳያገናኝ የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌይ ይኑር። ስፒከሩም ተለቅ ያለ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለእጮኛዬ ነገርኳት። ልትከፋ ይሆናል ብዬ ነበር። «ስለዚህ እናትህ አልጠላችኝም ማለት ነው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ መጣችና «ዝናቡስ ቆሞ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ደወሉ ሲያልቅ ጻፊልኝና ቀን እንቀጣጠር።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 20 ቀን

ለወንድም ዓለም፣

ለአንተ ጤና፣ ለእጮኛህም ጤና፤ ከእንግዲህ ሰላምታዬ ለሁለት ሰው ነው።

ሐኪሙ ያየውን ልንገርህ። ዕድሜና የመኪናው ጩኸት ተባብረው ነው ጆሮዋን ያደከሙት፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጆሮ የሚገባ መስሚያ ያጎላዋል ብሏል። ተራ ይዘናል፤ ተራው ረጅም ነው። እናትህ «ጆሮዬ ውስጥ ሬዲዮ አልሰካም» ብላ ነበር፤ «ሲበላሽ እኔ እጠግነዋለሁ» ብዬ ስጽፍላት «እንግዲያስ ይሁን» አለች።

ደወሉ አልቆ ሥራ ላይ ውሏል። አንተ ከደወልክ በኋላ በዚያ ክፍል የሆነውን አንተ አላየኸውም፣ ስለዚህ ልጻፍልህ።

ያን እሁድ እንደተቀጣጠርነው መጥቼ ጥግ ተቀምጫለሁ። የምትደውልበትን ሰዓት አልነገርኳትም። ኮሌታ እየሰፋች ነበር። ስፒከሩ ሲያጉረመርም እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ። ግራ ቀኝ አየች። «ማን ነው በቤቴ ውስጥ የሚያጓራው?» አለች። እጄን ወደ ስልኩ ዘረጋሁ። መነጽሯን አወለቀች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ ልክ ሰው በር ላይ እንደቆመ ሁሉ ቀሚሷ ላይ የነበረውን ክር ለቅማ ጣለች። እየጮኸ ነው እኮ፣ ይዘጋል እላለሁ በሆዴ። ሄዳ አነሳችው።

የተናገረችውን ሰምተሃል። እኔ ያየሁት ሌላውን ነው። «ልጄ፣ ድምፅህ እንደ ወንዝ ነው የሚመጣልኝ፤ ውሃው አለ፣ ቃሉ የለም። ስለዚህ እኔ ላውራ፣ አንተ ስማ» ስትልህ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «የዚያን ቀን ብሰማህ እመርቅህ ነበር። ዛሬ ልመርቅህ። ትዳራችሁ ይጽና። የምትጣሉት በትንሽ ነገር፣ የምትታረቁት በቶሎ ይሁን» ስትልህ ደግሞ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አንተ ምን እንደመለስክላት አላውቅም። እሷም አላወቀችም። ግን «እሺ፣ እሺ» አላለችህም፤ ያን አስተዋልኩ። ያልሰማችውን ሰምቻለሁ ማለት ትታለች።

ዘግታ ተመልሳ ተቀመጠች። ኮሌታውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «የሠርግ ቀሚሷን ማን ይሰፋል?» አለችኝ። አላውቅም ብዬ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። «እኮ ማን ይሰፋል!» አለች ጮክ ብላ፣ እንደተሰደበች።

ስለዚህ የእናትህ ትእዛዝ ይኸው፦ የልጅቷን ልክ ላክ። ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት፣ የእጅጌ ርዝመት። በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ።

ሽቦ


ግንቦት 9 ቀን

ለውድ እህቴና ለእማዬ፣ ይህ ለሁለታችሁም ይነበብ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ያን እሁድ እጮኛዬ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ አብራኝ ሰምታለች። ምርቃቱ ሲያልቅ የመለሰችው እሷ ናት። «አሜን» አለች። እማዬ አልሰማችም ይሆናል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ተጽፎ ይድረሳት።

ልኩን ለመውሰድ ከፋብሪካው መለኪያ ተውሰን ነበር። እጮኛዬ «ይህ ለብረት ነው» ብላ ወርውራው ከአንዲት ጎረቤት የጨርቅ ሜትር ለምና አመጣች። ስለካት ትስቃለች፣ ስትስቅ ወገቧ ይለወጣል። አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። ሥራዬ መለካት ነው ብዬ ለሰው ስናገር ከእንግዲህ አፍራለሁ።

ያገኘሁትን ከዚህ ወረቀት ጀርባ አስፍሬዋለሁ። እማዬ ታየዋለች፣ ጭንቅላቷንም ትነቀንቃለች። በዚህ ልክ ማንም የሠርግ ቀሚስ አይቆርጥም። ጨርቁን ትግዛ እንጂ መቀሱን አታንሳ። እኔና እሷ ከአለቆቻችን ፈቃድ ጠይቀን ተሰጥቶናል። በሰኔ መጨረሻ ይዣት እመጣለሁ፣ እማዬ ራሷ ትለካታለች።

ወንድምሽና ልጅሽ